ከቅናሽ ካርቶን ውስጥ ለቮልስ የሚሆነውና የማይሆነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ ነው። ከአባቴ የወረስኳት ባለ 1300 ቮልስ አለችኝ፤ በአውሮፓውያን የ1969 ሥሪት ናት። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የቅናሽ ሱቅ የሞተር ዘይት፣ ፍሬን ዘይት፣ ካንዴላ፣ ግራሶና ኩላንት በአንድ ካርቶን አድርጎ ከመለዋወጫ ቤቶች በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ሻጩ ‹ለድሮ መኪና ሁሉም ይሆናል፣ ዘይቱ ብቻ ወፈር ይበል› አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ካልመጣ ምንም አትንካ ይላል። ካንዴላዬ በየሁለት ሳምንቱ እየጠቆረ አስቸግሮኛል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ደግሞ ወደ መጨረሻው ላይ ፍሬኑ ይሰምጥብኛል፤ ጠዋት መካኒክ ሲያየው ግን ደህና ነው ይለኛል። ካርቶኑን ልግዛው?»

መልስ፦ ከሐረጎው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ የሚሰምጥ መኪና እስኪጠገን ድረስ ኮምቦልቻ አይወረድበትም፤ ካርቶን ለመግዛትም ቢሆን። መካኒኩ አልዋሸዎትም፣ ጠዋት ሲያየው ፍሬኑ በእርግጥ ደህና ነው። ችግሩ ሲግል መጥቶ ሲቀዘቅዝ የሚሄድ ነው።

ፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ በሚገፋው ማስተር ክዳን መተንፈሻና በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ውሃው ቀስ እያለ ይገባበታል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውሃ ከያዘ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ ውሃ ሲይዝ 155 ነው። ሙቀቱ ከዚያ ካለፈ ዘይቱ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም፣ ይጨመቃል። እግርዎ ሥር ፔዳሉ የሚሰምጠው ለዚህ ነው። ቆመው ግማሽ ሰዓት ቢጠብቁ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ይሆናል፣ ፔዳሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

አሁን መንገዱን ያስቡት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። ሰው የጫነች ቮልስ አንድ ቶን ትመዝናለች ብንል፣ በዚህ ቁልቁለት የምትለቀው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ምንም አይቀረው። ከፊሉን ነፋሱና ሞተሩ ይወስዱታል። እግርዎን ፍሬን ላይ ጥለው በአራተኛ ማርሽ ከወረዱ ግን አብዛኛው የሚያርፈው ጎማዎቹ ውስጥ ባሉት ታምቡሮች ላይ ነው፤ ከታምቡሩ ተጣብቆ ወደሚይዘው ሸራ፣ ከሸራው እሱን ወደምትገፋው ሲሊንደር፣ ከሲሊንደሯ ወደ ዘይቱ። በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። ሐረጎን በሦስተኛ የምትወጣ ቮልስ በሦስተኛ ትወርዳለች፤ ጠበቅ ባለው ኩርባ ላይ በሁለተኛ።

አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ የጋለው ሸራው ነው እንጂ ዘይቱ አልፈላም። መኪናው ቀዝቅዞ ቆሞ ሳለ ፔዳሉን እኩል ተጭነው አንድ ደቂቃ ይያዙት፤ ቀስ እያለ ከወረደ የማስተሩ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘው ጎማ) አልቋል ወይም የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል፣ ዘይት መቀየር አያድነውም። የእርስዎ ሲግል ብቻ ስለሚመጣ ዘይቱን ተጠርጣሪ አደርጋለሁ፤ ሆኖም ሙከራውን ሳያደርጉ አይለፉ፣ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

እንግዲህ የካርቶኑ ፍሬን ዘይት። ዋጋው መርከሱ ብቻውን ነውር የለበትም። ነውሩ ቅናሽ ሱቅ ውስጥ ይህ ዕቃ ብዙ ጊዜ ሳይሸጥ የሚከርም፣ አንዳንዴም ከትልቅ ጀሪካን ወደ ትንሽ ጠርሙስ የተገለበጠ መሆኑ ነው። ተከፍቶ የቆየ ፍሬን ዘይት በመልክ ከአዲስ አይለይም፤ ውሃው አይታይም። በዓይንም በአፍንጫም የማይያዝ፣ ሲበላሽ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ የሚያሳጣ ዕቃ በመሆኑ ከካርቶኑ ውስጥ በቁርጥ አይግዙ የምለው የመጀመሪያው እሱ ነው። ከመለዋወጫ ቤት ዶት 4 የሚል፣ የክዳኑ ቀለበት ያልተቆረጠ፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ያልተነሳ፣ የተመረተበት ቀን የሚነበብ ግማሽ ሊትር ይግዙ። ከዶት 3 ጋር ቢደባለቅ አይጣላም። ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ነው፤ ቁጥሩ ስለበለጠ የተሻለ መስሎዎት እንዳይጨምሩበት፣ ከሌሎቹ ጋር አይዋሃድም።

ጥርጣሬ ካለዎት አንዲት ቀላል ሙከራ አለች። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ያድርጉ። ዶት 3 እና ዶት 4 ከውሃው ጋር ይዋሃዳሉ፤ ዓይን ሆኖ ከላይ ከተንሳፈፈ የማዕድን ዘይት ነው ወይም ሲሊኮን። የማዕድን ዘይት የፍሬን ጎሚኒዎችን ያሳብጣል፣ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ፍሬኑን ይዞ አይለቅም። ያንጊዜ ዘይቱን ማፍሰስ ብቻ አይበቃም፤ የነካው ጎማ ሁሉ ይቀየራል። ሙከራዋ የዘይቱን ዓይነት እንጂ ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ አትነግርዎትም። በነገራችን ላይ የፍሬን ሲሊንደር ፈትቶ በቤንዚን ማጠብ በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው፤ ጉዳቱ ያው ነው። በአልኮል ወይም በራሱ በፍሬን ዘይት ይታጠብ።

ሲቀይሩ የድሮውን ከማስተሩ ማጠራቀሚያ በሲሪንጋ ይምጠጡ፣ አዲሱን ይሙሉ፣ ከዚያ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምረው አየርና አሮጌ ዘይት ያስወጡ፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ድረስ። ማጠራቀሚያው በመካከል ባዶ ከሆነ አየር ይገባል፣ ሥራው ከመጀመሪያ ይደገማል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ዘይቱ ቀለም ይልጣልና የፈሰሰውን ቶሎ በውሃ ያጥቡት።

ወደ ሞተር ዘይቱ። «ወፈር ይበል» የሚለው ምክር መነሻው ያረጀ ሞተር ነው፤ ዘይት የሚበላና የሚያጨስ ሞተር በወፍራም ዘይት ለጊዜው ዝም ይላል። ሻጩ ያላሰበው የደሴን ጠዋት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ወፍራም ዘይት ፖምፓው ጋ ቶሎ አይደርስም፤ ሞተር ተፋትጎ የሚያልቀው ደግሞ በነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው። በቮልስ ላይ ሌላም አለ፦ ቀዝቃዛና ወፍራም ዘይት ግፊቱን ከልክ በላይ ያሳድገውና የዘይት ማቀዝቀዣውን ጎሚኒዎች ያፈነዳል። ከዚያ በኋላ ሰው «ሞተሬ ማንጠባጠብ ጀመረ» ብሎ የባሰ ወፍራም ይገዛል።

ለደሴ 15ደብሊው-40፣ ገበያው «ፊፍቲን ፎርቲ» የሚለው፣ ይበቃል። 20ደብሊው-50 ትርጉም የሚኖረው ሞተሩ በደንብ የተበላ ሲሆን ወይም ዘወትር ወደ ባቲና ሚሌ ቆላ የሚወርዱ ከሆነ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ያለውን 40 ለደጋ አልመክርም።

ከውፍረቱ ይልቅ ሰው የማያነበው የጥራት ፊደሉን ነው። ቆርቆሮው ጀርባ ላይ ኤፒአይ ከሚለው ቀጥሎ በኤስ የሚጀምር ሁለት ፊደል ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ኤስኤ የሚል ካገኙ ምንም ማጠናከሪያ ያልገባበት ተራ ዘይት ነው፤ በአውሮፓውያን ከ1930 ወዲህ ለተሠራ የቤንዚን ሞተር አይሆንም፣ ቮልስዎን ጨምሮ። ኤስሲ የሚለው በወረቀት ለ1960ዎቹ መኪና የተሠራ ቢሆንም ዛሬ በዚያ ፊደል የሚታሸግ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ የርካሽ ርካሹ ነው። ኤስጄ ወይም ኤስኤል ይፈልጉ፤ አጠገቡ ሲአይ-4 ቢኖርበት ይበልጥ ጥሩ። ቫልቮላዎቹን የሚያስከፍተው የቮልስ ካም ከሚገፋቸው ታፔቶች ጋር ብረት ለብረት እየተፋተገ ነው የሚሠራው፤ እዚያ ላይ የሚከላከለው ዘይቱ ውስጥ ያለው የዚንክና የፎስፈረስ ውሕድ ነው። በአዲሶቹ ደረጃዎች ይህ ውሕድ የተገደበው ለዘመናዊ መኪና በሚሆኑት ቀጫጭን ዘይቶች ላይ ነው፣ እንደ 5ደብሊው-30 ባሉት። «አዲሱና ውዱ ይሻላል» ብለው ቀጭኑን ከገዙ በውድ ዋጋ ካሙን ያስበላሉ።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ዘይት ታዲያ? ፊደሉና ቁጥሩ ልክ ከሆነ፣ ማሸጊያውም ካልተነካ፣ ከቅናሽ ሱቅ መግዛት ይቻላል። ዘይት ታሽጎ ዓመታት ይቆያል። የሚያሰጋው ያገለገለ ዘይት አጣርቶ በአሮጌ ቆርቆሮ የሚሸጥ ሰው ነው። የክዳኑ ቀለበት፣ የውስጥ ሽፋኑ፣ ቆርቆሮው ራሱ ላይ (ወረቀቱ ላይ ብቻ ሳይሆን) የታተመ የምርት ቁጥርና ቀን ይዩ። ቤት ሲደርሱ ጥቂቱን ነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡ፤ አዲስ ዘይት እኩል ይሰራጫል፣ ያገለገለ ከሆነ መካከሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ሌላ ጠብታ በጋለ ምጣድ ወይም ብረት ላይ ጣል ያድርጉ፤ ከተንጣጣ ውሃ አለበት። ሁለቱ ሙከራዎች ቆሻሻና ውሃ መኖሩን ያጋልጣሉ። ማጠናከሪያው መኖሩን ግን አያሳዩም፤ ስለዚህ ፊደል የሌለበትን ቆርቆሮ ሙከራ አያድነውም።

መጠኑንም አስሉ። ቮልስ የምትወስደው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ሁለት ባለ 4 ሊትር ቆርቆሮ ሦስት ጊዜ ይቀይርልዎትና ግማሽ ሊትር ለመሙያ ይተርፋል። የወረቀት ፊልትሮ የላትምና ሻጩ ፊልትሮ ቢያወጣልዎት ይመልሱለት፤ ከታች ያለችው የብረት ወንፊት ብቻ ናት። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱ ሲቀየር ወንፊቷ ወጥታ በነጭ ጋዝ ትታጠባለች፤ ሁለቱ የወረቀት ጓርኒሲዮኖችና የመዳብ ቀለበቶቹ በአዲስ ይተካሉ። የወንፊቷን ክዳን የያዙትን ስድስት ዳዶዎች በ10 ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ ያጥብቁ፤ ልኩ 7 ኒውተን ሜትር ነው። እዚህ ላይ ጉልበት ያበዛ ሰው ቡሎኖቹን ከነጥርሳቸው ይነቅላቸዋል። ዘይቱ ቶሎ ቢጠቁር አይደንግጡ፣ ሥራው ነው፣ እያጠበ ነው።

የካንዴላው መጥቆር የካንዴላ ጥፋት አይደለም፤ ደጋግመው በመቀየር ገንዘብዎን እየጨረሱ ነው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል አንጻር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ለዚያ አየር ቤንዚን ያበዛል። በተለይ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር ቀንሶ ቤንዚን የሚያበዛው አውቶማቲክ ቾክ ተጣብቆ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልተከፈተ ካንዴላው ደረቅ ጥቀርሻ ይለብሳል። የአየር ማጣሪያውን ያውጡና ሞተሩ ሞቆ ሳለ የቾኩ ክዳን ቀጥ ብሎ መቆሙን ይዩ። ጥቁሩ እርጥብና ቅባታማ ከሆነ ግን ዘይት ነው፤ ያ የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቮላ ጉዳይ ነውና ሌላ ሥራ ነው።

የጠቆሩትን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ክፍተታቸውን 0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር አድርገው ይመልሷቸው። አዲስ ካስፈለገ ኤንጂኬ ቢ5ኤችኤስ ወይም ቢ6ኤችኤስ፣ ቦሽ ከሆነ ደብሊው8ኤሲ። ለቮልስ የጥርሱ ርዝመት 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ለአዳዲስ መኪና የሚሆን ባለ 19 ከሆነ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ጫፉ ፒስተን ሊመታ ይችላል። «ገባ» ማለት «ሆነ» ማለት አይደለም፤ የድሮውን ይዘው ጎን ለጎን ያስተያዩ። ኮፒውን የሚያጋልጡት የመካከሉ ዘንግ ከቦታው መንሸራተቱ፣ ቀለበቷ በቀላሉ ከጥርሱ ላይ መውለቋና ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ በጥፍር መላጡ ናቸው።

ያልጠየቁኝ ግን ልዝለለው የማልፈልገው የቤንዚን ቱቦ አለ። ቮልስ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ካርቡራቶሩና የቤንዚን ፖምፓው ዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ናቸው፤ ደርቆ የተሰነጠቀ ቱቦ ቤንዚን ብልጭታ ላይ ያንጠባጥባል። ቅናሽ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ለውሃ ነው፤ በቤንዚንና በሙቀት ይደርቃል፣ ከአፉ ላይም ይንሸራተታል። ለነዳጅ የተሠራ መሆኑ በላዩ የታተመበት፣ ውስጡ 5 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ይግዙ፤ ሁሉንም ለመቀየር አንድ ሜትር ተኩል ይዘው ይሂዱ። ከሰልባቲዮው ሥር ያለውን፣ ካምቢዮው አጠገብ ወደ ሞተር ክፍሉ የሚገባውንና ከፖምፓ ወደ ካርቡራቶር የሚሄደውን በአንድ ቀን ይቀይሩ፣ በሁለቱም ጫፍ በማጥበቂያ ይሠሩ። የፕላስቲክ ቤንዚን ማጣሪያ ከጨመሩ ዲስትሪቢዩተሩ በላይ አይንጠልጠል፤ ካምቢዮው በኩል ከሞተር ክፍሉ ውጭ ይቀመጥ።

ባትሪ ከርካሽ ቦታ ቢገዙ ቁመቱን ይለኩ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ረዘም ያለ ከሆነ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ሁለቱን ጫፎች ይነካና እሳት ይነሣል። የላይ ክዳኑ ሳይኖር አይንዱ። የ1969 ባለ 1300 ባለ 12 ቮልት መሆን አለባት፤ ቀደም ያሉት ባለ 6 ነበሩና ጓደኛ አምፖል ሲያበድርዎት ይጠይቁ። ባትሪው ሲጎድል የሚጨመረው የባትሪ ውሃ ነው፣ አሲድ አይደለም፣ የታሸገ የሚጠጣ ውሃም አይደለም።

ከቅናሽ ሱቅ ሳያስቡ የሚገዙት ብዙ ነው። ግራሶው ይሁን፤ ሊቲየም ቁጥር 2 ካለ የፊት አክሱ ላይ ላሉት አራት ግራሶ መጠጫዎች በደንብ ይሆናል፣ ለጎማ ኩሽኔታ ግን ለከፍተኛ ሙቀት የሚለውን ይምረጡ። ጨርቅ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ አምፖል፣ ፊውዝ፣ ሻምፖ፣ ሰም፣ ጓንት፣ የዘይት መቀበያ ሳፋ፦ ሲበላሹ በዓይን ይታያሉ፣ ሲበላሹም መንገድ ላይ ብቻዎን አይተዉዎትም። ቺንጋ መካከል ላይ ነው። አጥፈው ሲያዩት ካልተሰነጠቀና ከድሮው ጋር ስፋቱም ርዝመቱም እኩል ከሆነ ይግዙት፣ ግን ሁለት ይግዙና አንዱ መኪናው ውስጥ ይኑር። ሲበጠስ የሚቆመው ዲናሞው ብቻ አይደለም፣ የማቀዝቀዣው ማራገቢያም አብሮ ይቆማል፤ ቀዩ መብራት ከበራ እዚያው ማቆም ነው። ሲገጠም በአውራ ጣት ተጭነው 15 ሚሊሜትር ያህል ይርገብ።

ኩላንቱን በተመለከተ ሻጩ መኪናዎን አላየም ማለት ነው፤ ቮልስ ራዲያተር የላትም። ዲኤክስ (የድሮ ቶዮታ ኮሮላ) ወይም ፔጆ ላለው ጎረቤት ግን ይጠቅማል። ደሴ ላይ ክዳኑ በተከፈተ ድስት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ተራ ውሃ ብቻ የሞላና የራዲያተር ክዳኑ ግፊት የማይዝ መኪና እዚህ ቶሎ የሚፈላው ለዚህ ነው።

ወንድምዎ ስለ ሶማሌ ተራ የሚሉት ግማሽ እውነት አለው፦ ለቮልስ የጎሚኒና የጓርኒሲዮን ምርጫ እዚያ ይሰፋል። የገበያው ስም ግን ማሸጊያ አይሆንም፤ የትም ገበያ ኦሪጅናልና ኮፒ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፣ ከላይ ያልኩትን እዚያም ማየት አለብዎት።

ስለዚህ ካርቶኑን እንዳለ አይግዙ። ነጣጥሎ የሚሸጥልዎት ከሆነ ግራሶውን ይውሰዱ፣ ዘይቱንም ፊደሉ፣ ቁጥሩና ማሸጊያው ልክ ከሆነ ብቻ። ካንዴላውን፣ ፍሬን ዘይቱንና ኩላንቱን ይተዉ። በተረፈው ገንዘብ በመጀመሪያ ግማሽ ሊትር የታሸገ ዶት 4፣ ቀጥሎ የቤንዚን ቱቦውን፣ ከዚያ ዘይቱንና የወንፊቷን ጓርኒሲዮን። የማስተሩን ሙከራ አድርገው ፔዳሉ ከወረደ ግን ቅደም ተከተሉ ይቀየራል፦ የማስተሩ ጎሚኒ ወይም ሙሉ ማስተሩ ይቀድማል፣ ከዚያም ታምቡሮቹ ተከፍተው የአራቱ ጎማ ሲሊንደሮች ይታዩ። ፍሬን ዘይቱ ተቀይሮ ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ከተረፈ ለሚቀጥለው ጊዜ ብለው መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡት፤ በተከፈተበት ቀን ውሃ መጠጣት ጀምሯል።